ያለ ራሱ የመጣው ዓሣ

ውድ አባቴ፣

ይህን ፊት ለፊት ልነግርህ ብሞክር ከሁለተኛው ቃል በኋላ መዳፍህን ዘርግተህ «በቃ» ትለኛለህ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲያ ነህ። መስማት የማትፈልገው ነገር ሲመጣ እጅህ ይዘረጋል፣ ተናጋሪውም ዝም ይላል። ወረቀት ግን መዳፍ አይፈራም፤ ስለዚህ ጻፍኩልህ። እስከ መጨረሻው ስማኝና ከዚያ የፈለግከውን በለኝ።

አሥራ አራት ወር ሙሉ አንተ ዘንድ ያልመጣሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። በሁለቱም ዒድ «ምግብ ቤቱ አይዘጋም» ያልኩህ ውሸት ነበር። አንዴ እንዲያውም ከካይሮ ወደ እስክንድርያ ባቡር ተሳፍሬ፣ መንገድ አጋማሽ ጠንጣ ላይ ወርጄ ተመልሻለሁ። በስልክ «ደህና ነሽ?» ትለኛለህ፣ «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» እልሃለሁ፣ «አልሐምዱሊላህ» ትላለህ። ከዚያ ስለዚያ ዓርብ አንዳችንም ትንፍሽ ሳንል ስልኩ ይዘጋል። የምናውቀውን ነገር አውቀን፣ እንዳላወቅን ሆነን ዓመት አለፈን።

የጃፓን ምግብ ልማር ነው ያልኩህ ቀን አንፉሺ የዓሣ ገበያ፣ ሱቅህ ፊት የሳቅከው ሳቅ አሁንም ይሰማኛል። «የሰው ልጅ እሳት ካገኘ ስንት ዘመኑ ነው፤ የሲድቂ ልጅ ደግሞ ተምራ ተምራ ጥሬ ልታበላ!» ብለህ ጎረቤቶችህን ሁሉ አሳቅክብኝ። በወሩ ግን የመጀመሪያውን የዓሣ ሳጥን ላክህልኝ። በረዶው ላይ የአንተን ትልልቅ ዓሦች፣ ወቃሮቹን፣ ራሳቸውን ወደ አንድ ጎን አድርገህ ደርድረሃቸው ሳይ፣ ዕቃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ይህንንም ነግሬህ አላውቅም።

ያኔ ካይሮ ውስጥ ሱሺ የሚበላው የኤምባሲ ሰው ብቻ ነበር። ዛሬ በየሕንፃው ሥር አለ። ማንጎ የሚከምሩበት አሉ፣ የሰሊጥ ጠሒና የሚያፈሱበት አሉ፣ በረመዳን ከምስር ሾርባው አጠገብ ለአፍጥር የሚያቀርቡት አሉ። የእኛ የዛማሌኩ ምግብ ቤት ግማሹ ጃፓን፣ ግማሹ ፔሩ፣ ጣፋጩ ደግሞ የኢጣሊያ ነበር። ባለቤቷ ማዳም ሚርቫት «ዓለም ሁሉ በአንድ ገበታ» ትለዋለች። ዋናው አብሳይ ኦኖዴራ ሳን ደግሞ «የዓለም ሁሉ ስህተት በአንድ ገበታ» ይላሉ፤ እንዲህ እያሉም አሥራ ስምንት ዓመት ሠርተዋል። አንተም ታውቃቸዋለህ፤ አንድ ጊዜ ሱቅህ ድረስ አምጥቻቸው ስለ ቢላዋ አሳሳል ከአንተ ጋር ሲከራከሩ የዐስር ሰላት ደርሶባችሁ ነበር። አረብኛቸውን የተማሩት ከዓሣ ሻጮች ስለሆነ ስድባቸው እንደኛ ባሕሪ ሰፈር ልጅ ነው፤ «ለ» ብቻ ምላሳቸው ላይ አይቆምም። እኔን ኢግላልን «ኢጉራር» ነው የሚሉኝ።

ከአንተ የተማርኩት ሕግ አንድ ነበር፦ ዓሣ ያለ ራሱ አይገዛም። ዓይኑን ያላየሽውን ዓሣ አትመኚ። የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ ጠረጴዛህ ሥር ስጫወት ያን ሆዱን የሚነፋ፣ ጥርሱ መረብ የሚበጥስ፣ አጥማጆቹ «ጥንቸል» የሚሉትን ዓሣ አንዱ በሳጥን ይዞልህ መጣ። በጫማህ ገፍተህ «ይህን ድመት እንኳ አይብላው፤ መርዙ በእሳትም አይሞት» አልከው። ሰውየው «ቆዳው ተገፍፎ፣ ራሱ ተቆርጦ ማን ያውቀዋል ሐጂ?» ሲልህ በጥፊ ልትመታው ነበር። ያን ቀን ባንተ የኮራሁትን ኩራት በማንም ኮርቼ አላውቅም።

እንግዲህ ወደ ዓርቡ ልምጣ።

ከጁምዓ ሰላት በኋላ የሃያ ሁለት ሰው የሙሽሮች ቃል ኪዳን ምሳ ነበረብን። ከአንተ የሚመጣው ዓሣ በበረሃው መንገድ ጭጋግ ዘገየ። ሹፌርህ አጎት ሸሐታ መኪናውን የኋላ በር ላይ ሲያቆም ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር። ሳጥኑን አብረን አወረድን። «ሐጂ ሰላም ብሎሻል» አለኝ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም፣ ሻይም ሳይጠጣ ሄደ።

ሳጥኑን ስከፍት አራቱ ወቃሮች እንደ ወትሮው ከነራሳቸው ናቸው። ከሥራቸው ግን ቆዳው የተገፈፈ፣ አጥንቱ የወጣ ነጭ ሥጋ አለ። ራስ የለውም። እጄ ቆመ፣ አባዬ። ምናልባት እስከ አሥር ለመቁጠር ለሚበቃ ጊዜ ቆምኩ። ከዚያ አንዱን ገልብጬ አየሁት። እንደ አንተ በግራ እጅ የተቆረጠ ነው፤ ከጅራቱ በኩል አንተ ብቻ በቢላዋ ጫፍ የምትጭራቸው ሁለት ጭረቶች አሉበት። «የአባቴ እጅ ነው» ብዬ ተረጋጋሁ። ሌላ ሰው ልኮት ቢሆን እጥለው ነበር።

«ምንድነው?» አሉኝ ኦኖዴራ ሳን።

«ወቃር ነው። አባቴ አጽድቶ ልኮታል።»

«ራሱስ?»

«ጊዜ እንዳያጥረን ብሎ ነው እንጂ...»

አዩኝ። «አባትሽ ነው?» አሉኝ።

«አባቴ ነው።»

አመኑኝ። ጧት መጥቶ ቢሆን ኖሮ እንደ ልማዳቸው ሁሉንም ዓሣ ቀምሰው፣ ጠብቀው ነበር የሚቆርጡት። ያን ቀን ግን እየቆረጡ፣ ቁርጥራጩን ወደ አፋቸው እየጣሉ ሠሩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሳህኖች ሲወጡ ቢላዋቸውን ጨርቁ ላይ አስተካክለው አስቀመጡት። በሥራ መካከል ቢላዋ ሲያስቀምጡ አይቻቸው አላውቅም። ሁለት ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ኢጉራር፣ ነጩን ዓሣ የያዘውን ሳህን ሁሉ መልሺ። አሁኑኑ።»

«ምን ሆነ?»

«ከንፈሬ ደነዘዘ። የተወለድኩበት ከተማ ይህን ዓሣ ያውቀዋል። ሂጂ።»

ያ «ጥንቸል» ትዝ አለኝና ሮጥኩ። ሦስት ጠረጴዛ ላይ ደርሷል። ከሁለቱ ያለ ይቅርታ አነሳሁ። ሦስተኛው የሙሽራዋ አባት ያሉበት ነበር፤ ግዙፍ ሰው ናቸው፣ የመብሊያ እንጨቶቹን እንደ እርሳስ ጨብጠው አንዷን ቁራጭ ወደ አፋቸው እያደረሱ ነው። እጃቸውን መታሁት። ቁራጯ የሙሽራዋ ቀሚስ ላይ ወደቀች።

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል?»

«ይህን ዓሣ የበላ አለ? ይንገሩኝ። ማነው የቀመሰ?»

«ልጄን በሠርጓ ዋዜማ ልታዋርጂ...»

«ጌታዬ፣ መርዝ ነው። ማነው የቀመሰ?»

የሙሽራዋ አንዲት አክስት እጃቸውን እንደ ተማሪ አወጡ፤ አንድ ቁራጭ በልተው ነበር። ማዳም ሚርቫት ከኋላዬ መጥታ በጆሮዬ «ቃሉን ዝቅ አድርጊ፣ አለርጂ በይ፣ አለርጂ» ትለኛለች። ትቻት ሮጥኩ።

ወጥ ቤት ስመለስ ኦኖዴራ ሳን ወለሉ ላይ ጀርባቸውን ለማቀዝቀዣው ሰጥተው ተቀምጠዋል። ቃላቸው መጎተት ጀምሯል።

«ስሚ። አሁን ምላሴ፣ ከዚያ እጄ፣ ከዚያ ደረቴ። ልቤ አይቆምም። ጆሮዬም አይቆምም፣ ሁሉን እሰማለሁ። ዓይኔ ቢገለበጥ ሐኪሞቹ ሞተ እንዳይሉ። መድኃኒት የለውም፣ አያባክኑ። እስትንፋስ ብቻ ስጡኝ። አንድ ቀን።»

ከዚያ በኋላ አልተናገሩም። አምቡላንስ ተደውሎ ነበር፤ የሚደርስ ግን አልመሰለንም። በዚህ መሀል ያ ግዙፍ ሰውዬ፣ የሙሽራዋ አባት፣ የወጥ ቤቱን በር በትከሻቸው ገፍተው ገቡ። አይተውን ምንም አልጠየቁም። ኦኖዴራ ሳንን እንደ ሕፃን አቅፈው በአበባ ባጌጠችው መኪና የኋላ ወንበር አጋደሙልኝ፤ አክስትየዋን ከፊት አስቀመጡ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ የኦኖዴራ ሳን ደረት ቆመ። አፌን አፋቸው ላይ አድርጌ ተነፈስኩላቸው። ከዛማሌክ እስከ ሆስፒታሉ ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ሰውየው የመኪናውን ጥሩምባ ሳያቋርጡ እየነፉ «አለ? አለ?» ይሉኛል። «ልባቸው አለ» እላለሁ፣ ወደ መተንፈሱ እመለሳለሁ። ሠርግ የመሰለው መንገደኛ ያጨበጭብልን ነበር።

አክስትየዋ ከንፈራቸው ደንዝዞ በማግስቱ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ኦኖዴራ ሳን ግን ሃያ ስድስት ሰዓት በመተንፈሻ ማሽን ላይ ቆዩ። አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ዓይናቸው በፕላስተር ተዘግቷል፣ ጣታቸው እንኳ አይንቀሳቀስም። የሚሞቱ መሰለኝ። ወደ ጆሯቸው ተጠግቼ፣ «የአባቴ እጅ ነው። ጭረቱን አይቻለሁ። አባቴ ነው የቆረጠው፣ እኔም እጁን አይቼ ሳልመረምር ሰጠሁዎት» አልኳቸው። ይህን የነገርኩት ብቸኛ ሰው እሳቸው ነበሩ፤ መልስ ሊሰጡኝ ስለማይችሉ ነው የነገርኳቸው።

በሦስተኛው ቀን መርማሪው መጣ። የተረፈውን ሥጋ ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋልኝ። «ከአባትሽ ሱቅ ነው የመጣው?» አለኝ። ጭረቶቹ ከፎቶው ላይ ያዩኝ ነበር። እንዲህ አልኩት፦ «የአባቴ ዓሣ ሁልጊዜ ከነራሱ ነው የሚመጣው። ይህ የእሱ አይደለም።» «ታዲያ ከየት መጣ?» «መንገድ ላይ የገባ ይሆናል።» የሰው ስም አልጠራሁም። ግን መንገዱ ላይ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ካንተ ዘንድም መጡ። ምን እንዳልካቸው ወረቀቱ ላይ አንብቤዋለሁ፦ «ሃምሳ ዓመት ራስ የሌለው ዓሣ ሸጬ አላውቅም።» እኔ ካይሮ፣ አንተ እስክንድርያ፣ ሳንመካከር አንድ ዓይነት ውሸት ዋሸን። አጎት ሸሐታ አሥራ ዘጠኝ ቀን ታሰረ። መንጃ ፈቃዱን ወሰዱት። ሰፈሩ ውስጥ «መርዝ ጫኙ» የሚል ስም ወጣለት። እኔን ትከሻው ላይ ተሸክሞ መውሊድ ያሳየኝን ሰው ነው ይህን ያደረግነው፣ አባዬ።

ኦኖዴራ ሳን በሁለተኛው ወር ወደ ሥራ ተመለሱ። ከስተዋል፣ ቢላዋ ሲይዙ ቀስ ይላሉ። ሆስፒታል ስለነገርኳቸው ነገር አንዲትም ቃል አልተነፈሱም። እንዳልሰሙ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ። ግን በየሳምንቱ ዓርብ፣ የሱሺውን ሩዝ እያማሰልኩ ሳለ አጠገቤ ይቆሙና፣ «የሹፌሩ ነገር ምን ሆነ?» ይሉኛል። «እንዳለ ነው» እላለሁ። «እህ» ብለው ይሄዳሉ። ባለፈው ወር ግን ሲጠይቁኝ አልቻልኩም፤ «እርስዎ ለምን አልተናገሩም?» አልኳቸው። «ለሞት የደረሱት እርስዎ ነበሩ።»

«እኔ ዓሣውን ብቻ ነው የማውቀው» አሉኝ። «እጁን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

በማግስቱ ባሕሪ መጣሁ። አንተ ዘንድ ሳይሆን አጎት ሸሐታ ቤት። ጎማ ይለጥፋል አሁን። በሩ ላይ ቆሜ የዋሸሁትን ሁሉ ነገርኩት። ጥቁር እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሰማኝ፣ አልተቆጣኝም። ከዚያ እኔ የማላውቀውን ነገረኝ።

«ያን ዕለት ጧት እዚያ ነበርኩ፣ የሐጂ ልጅ። አንድ የማላውቀው አጥማጅ የተገፈፈ ዓሣ በከረጢት ይዞ መጣ። 'ወቃር ነው ሐጂ፣ ጠዋት የወጣ፣ አንተ አታውቀውም እንዴ?' አለው። አባትሽ እጁን ሰደደና ዳሰሰው። ደጋግሞ ዳሰሰው። ከዚያ 'አውቀዋለሁ' አለ፣ አጥንቱን አውጥቶ ምልክቱን ጭሮ ሳጥኑ ውስጥ አስገባው። ሲያወራኝ እኔ በቀኙ ቆሜ እሱ ግድግዳውን ነበር የሚያናግረው።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«አባትሽ አያይም። ከዚያ በፊት ከነበረው ክረምት ጀምሮ አያይም። ሚዛኑን በጣቱ ነው የሚያነበው፣ ሰውን በድምፁ ነው የሚለየው። ገበያው አላወቀበትም። እኔ አውቄያለሁ፣ እሱም እንዳወቅሁ ያውቃል።»

ተቀመጥኩ፣ መሬቱ ላይ። «ታዲያ እስር ቤት ሳለህ ለምን አልተናገርክም?»

«ሐጂ መጥቶ ራሱ ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት 'ዛሬ ይመጣል' እል ነበር። በዘጠነኛው ቀን መጠበቅ ተውኩ። ከዚያ በኋላ ብናገርስ ማን ያምነኛል? 'ገበያው ሁሉ የሚምልበት ሰው ዕውር ነው' ልበል? እንኳን እነሱ አንቺም አታምኚኝም ነበር።» ከዚያ «አይቶ እንዳላየ ሆነ እንዳልለው ደግሞ ሰውየው አያይ» አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

አባዬ፣ አሁን መዳፍህን ዘርግተህ ከሆነ መልሰው። ልወቅስህ ብቻ አልጻፍኩም። አሥራ አራት ወር ሙሉ አባቴ እያወቀ መርዝ ሸጠ ብዬ አስብ ነበር። ሕፃን ሆኜ የኮራሁብህን ሰው ቀብሬ፣ በስልክ የማናግረው ሌላ ሰው ነው ብዬ ነበር። ዓይንህ መጥፋቱን ስሰማ ደነገጥኩ፤ ከድንጋጤው ሥር ግን፣ ይቅር በለኝ፣ ደስታ ነበር። አላወቅክም ነበር። ዳስሰህ፣ ተጠራጥረህ፣ «ይህ ምንድነው?» ብለህ ሰው መጠየቅ አፍረህ ነው። ጠይቀህ ቢሆን አጠገብህ የነበረው ሰው ይነግርህ ነበር። ከዚያ በኋላ ለዋሸኸው ግን ዓይንህ ሰበብ አይሆንህም፤ እኔም ዓይን እያለኝ ለዋሸሁት ምንም ሰበብ የለኝም።

ዛሬም ሱቅህን ትከፍታለህ። ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ነገም አንድ ሌላ ሰው በከረጢት ይዞልህ ይመጣል፣ አንተም «አውቀዋለሁ» ትላለህ፣ የዚያኛው ቤት እናት ደግሞ ለልጆቿ ትጠብሰዋለች። መርዙን የሚለይ ኦኖዴራ ሳን እዚያ ቤት የለም።

ስለዚህ እሑድ ዕለት መርማሪው ቢሮ ሄድኩ። «ዋሽቻለሁ» አልኩት። የጭረቶቹን ነገር ነገርኩት፣ የዓይንህንም ነገርኩት። ቃሌን ሦስት ጊዜ አስነበበኝና አስፈረመኝ። በሐሰት ምስክርነት እንደምጠየቅ ነግሮኛል። ማዳም ሚርቫት በዚያው ቀን አሰናበተችኝ፤ ኦኖዴራ ሳን የቢላዋ ጥቅሌን ራሳቸው አስረው በሩ ድረስ ሸኙኝ፣ «ዓርብ ምን እንደምጠይቅሽ እንግዲህ አላውቅም» አሉኝ። የአጎት ሸሐታ መንጃ ፈቃድ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል ተብሏል። ያንተ መጥሪያ ደግሞ ሐሙስ ይደርስሃል። ከፖሊስ አፍ ሳይሆን ከእኔ እንድትሰማው ነው የቸኮልኩት። የተጠራህበት ቀን ክንድህን ይዤ አብሬህ እገባለሁ። ከዚያ በፊት ግን ዓይንህን የሚያይ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን፤ ሞራ ብቻ ከሆነ ይገፈፋል ይላሉ። ካልሆነም ሱቁ ውስጥ ዓይን እኔ እሆናለሁ፤ ሥራ ፈት ነኝ፣ ዓሣም ካንተ ተምሬያለሁ።

አሁን አንድ ነገር ቀርቶኛል። ይህን ደብዳቤ የሚያነብልህን ሰው ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ በድምፁ ለይተኸዋል። እኔ አላስገደድኩትም። «ልነግረው ደፍሬ አላውቅም፤ አንቺ ጻፊው፣ እኔ አነበዋለሁ» ያለኝ እሱ ነው። አንድም ቃል እንዳይዘል አስምዬዋለሁ፤ ስለ ራሱ የተጻፈው ላይ ሲደርስ ሮጦ አልፎት ከሆነ «ተመለስ» በለው፣ ከዘጠነኛው ቀን ጀምሮ ደግመህ ስማው።

ንባቡ አልቋል። አጎት ሸሐታ ካንተ የሚጠብቀው አንድ ቃል አለ፤ ምን እንደሆነ እኔ አልነግርህም። እሱን ካልከው በኋላ እኔን ጥራኝ። ከሱቁ በር ውጪ፣ በስተቀኝ፣ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። እስክትጠራኝ አልገባም፣ ሳትጠራኝም አልሄድም።

ልጅህ ኢግላል